የአያ ጋፋት የሕይወት ታሪክ፣ ከቀብሩ በፊት የሚነበብ

ከጣራ ገዳም፣ ከእብናት፣ ከፎገራና ከፋርጣ የመጣችሁ ለቅሶኞች፣ የተቀመጣችሁበት የመድፍ መሥሪያ ኮረብታ ሟቹ ራሳቸው ናቸውና እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

አያ ጋፋት ከአባታቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣ፣ ከእናታቸው ከደብረ ታቦር ጭቃ በ1850ዎቹ ተወለዱ። ክርስትና ያነሷቸው ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩት እነ ዋልድማየር፣ እነ ዛልሙለር ነበሩ። ሰዎቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ ነው፤ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። «አናውቅም» ቢሉ አሽከሮቻቸው ታሰሩ። ያን ጊዜ ዕውቀቱ መጣላቸው። (ዘዴው ለትምህርት ቤቶቻችን አይመከርም።)

በ1858 ንጉሡ ሌላ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ መቅደላ የታሰሩት እንግሊዞች ስላልተፈቱ ግን ከዚያው ተመለሱ። አያ ጋፋት ደጅ ደጁን እንዳዩ ቀሩ።

ስሙ የገነነ አንድ ልጅ ትተዋል፤ በክራይሚያው ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም የተጠራው መድፍ፣ ሴባስቶፖል። በመስከረም 1860 መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡ ልጁን አስከትለው፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ መንገዱ እየተጠረበ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። ልጁ እዚያው ቀረ፤ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ልጅ ለአባቱ ቀብር ድረስ አይባልም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ምስሉ ነው፤ እሱንም መኪና ከቦታል።

የአያ ጋፋት ገዳይ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልከሰውም፤ ከዙላ መቅደላ፣ ከመቅደላ ዙላ ሄደ እንጂ እዚህ ደርሶ አያውቅም። ሟቹ ከመወለዳቸው በፊት የጀመረ ሕመም ነበረባቸው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ይባላል። ማረሻውን ከእጁ እንቀበላለን፤ ልጃችንን አንድርለትም፤ ሲያልፍ ምግባችንን እንሸፍናለን። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ሲቀጠቅጡ እየሰማን መዶሻ ከባሕር ማዶ ይምጣልን አልን። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ታዲያ ወናፉን ማን ይረከብ? ተረክቦ ቡዳ ሊባል?

ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ከእኛ ጋር ያን ያህል ዓመት ኖሮ የሁለተኛው ሐሳብ ከየት እንደመጣለት አንጠይቅም።

ንፍሮው ደርሷል። ማረሻችሁን የሚሠራላችሁ ሰውዬ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል፤ ገብቶ አብሮን ይቀመጥ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።

ማንም የለም? እንግዲያውስ ጸሎቱ ይቀጥል፣ አባ።