ለሞተርህ ግማሽ ሲኒ ውሃ ይበቃዋል

«ቱቦውን ካስቀየርኩ ወዲህ መኪናዬ ትንፋሽ አገኘች» አለኝ ባለ ቪትዙ ጎረምሳ።

«አፏን ለጎርፍ ከፍተህ ነዋ!» አልኩት።

ኮፈኑን አነሳልኝ። ከፋብሪካ የመጣው ጥቁር የአየር ሳጥን የለም። በቦታው የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ተጋድሟል፤ ከሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ጎን ቁልቁል ይወርድና ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ ይደበቃል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ተሰክቷል፤ ከአስፋልቱ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። የትናንቱ ዝናብ ጭቃ ደርቆበታል። ወሩ ሐምሌ፣ ከተማው መቀሌ።

«ጋሼ፣ ቀዝቃዛ አየር ጉልበት ይሰጣል፤ ይህን እንኳ አይክዱም» አለኝ።

አልክድም። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ይላል፤ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጥቅጥቅነቱ ከ3 በመቶ በላይ ይጨምራል። ሞተርም አየር ይወዳል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ወደ 10 ሺህ ሊትር አየር ይስባል። ግን ያወለቅከው የፋብሪካ ቱቦ አየሩን ከየት ይስብ ነበር? የአብዛኛው መኪና አፍ ያለው ከፊት መብራቱ ጎን ወይም ከራዲያተሩ አናት ላይ ነው፤ የሚስበውም የውጭውን አየር ነው። ቀዝቃዛ አየርማ መኪናዋን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ነበረህ። መሐንዲሱ ያን አፍ ከፍ ያደረገው ውሃ እንዳይደርስበት አስቦ ነው። አንተ ብር ከፍለህ የገዛኸው ዝቅታውን ነው።

«ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፤ ለዚያ ብዬ ነው።»

ስለ ከፍታው ልክ ነህ። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ያን የሚመልስለት ግን አየሩን በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ ነው። ቱቦ አየር ያስተላልፋል እንጂ አይጨምቅም። ስሱን አየር በፕላስቲክ ሳብከው በአሉሚኒየም፣ ያው ስስ ነው።

«ድምፁስ? ድምፁ እኮ ተለውጧል!»

ተለውጧል፤ እመሰክራለሁ። በድምፅ ብቻ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት የወጣ መኪና ግን እስካሁን አላየሁም።

«መኪና ለዝናብም ጭምር ነው የተሠራው፤ ዝናብ ምን ያመጣል?»

እውነት ብለሃል። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ሞተር አይገድልም። ፊልትሮው ላይ የተረጨ ጠብታ ይንጠፈጠፋል፤ አልፎ የገባ ርጥበት ካለም ሞተሩ አትንኖ ያሳልፈዋል። ዝናብ ሁሉ ያጠፋሃል ብሎ የሚያስፈራራህ ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል። የሚገድለው መጥለቅ ነው። የቱቦው አፍ ውሃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ አየር ነው ውሃ ነው ብሎ አይመርጥም፤ ያገኘውን ይስባል።

ስንት ውሃ እንደሚበቃው ላሳይህ። 1300 ሲሲ ቪትዝ 4 ሲሊንደር አለው፤ አንዱ 325 ሲሲ ያህል ነው። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ያን ሁሉ አየር አጭቆ ከቴስታታው ስር ወደ 35 ሲሲ በምትሆን ክፍተት ውስጥ ይሰበስበዋል። 35 ሲሲ ማለት የቡና ሲኒ ግማሽ ነው። በዚያች ክፍተት ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ከተገኘ ፒስተኑ የሚሄድበት የለውም፤ አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። ከታች ሞተሩ ይገፋል፣ ከላይ ውሃው እምቢ ይላል፣ መሐል ያለው ቢየላ ይጣመማል። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይተነፍሳል። እግርህን ከነዳጅ መስጫው እስክታነሳ ነገሩ አልቋል።

«እኔ የምነዳው ላንድክሩዘር ነው፤ ለጎርፍ አይበገርም» አለ አጠገቡ የቆመው።

ጎማው አይበገርም፤ ሞተሩ ይበገራል። ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ናፍጣ 6 ሲሊንደር አለው፤ አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። ስታሰላው የዚያ ግዙፍ ሞተር ክፍተትም ከቪትዟ አይበልጥም። ለእሱም ግማሽ ሲኒ ይበቃዋል። ቶዮታ ለሃይሉክስ የሰጠው የውሃ ጥልቀት ልክ 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፎርድ ለሬንጀር 800፣ ላንድሮቨር ለአዲሱ ዲፌንደር 900። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት አፉ ፋብሪካው ባስቀመጠው ቦታ ሲሆን ነው። አፉን አውርደህ ከፓራውልት ጀርባ ካስቀመጥከው አዲሱ ልክህ የፊልትሮው ከፍታ ነው፤ ፋብሪካው አይጠየቅልህም። ውሃን የሚያውቁት እኮ ስኖርክል ገጥመው አፉን እስከ ጣሪያ ሰቀሉት። የአይሱዙ ጭነት መኪናም የሚተነፍሰው ከጋቢናው ኋላ ከፍ ብሎ ነው። እነሱ ሽቅብ፣ አንተ ቁልቁል!

«መቀሌ እኮ ውሃ የተጠማች ከተማ ናት፤ የምን ጎርፍ ነው?»

የቧንቧው ውሃ ፈረቃ አለው፤ የሰማዩም ፈረቃ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ወራት ይወርዳል፤ ሲወርድም በአንድ ከሰዓት ይዘረግፈዋል። ውሃው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወደ ከተማው ይንደረደራል፤ የፍሳሽ ቱቦው በጭቃና በፌስታል ከተዘጋ መንገዱ ላይ ይተኛል። የተኛው ውሃ ቀለሙ አንድ ነው፤ ከስሩ ኮብልስቶን ይሁን ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አይነግርህም።

ከከተማ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ወደ አብዓላ ስትወርድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ከደጋው የዘነበው ግን ቁልቁል ይመጣል፤ የአብዓላ ገበሬ ማሳውን የሚያጠጣው በዚሁ ከላይ በሚወርድ ጎርፍ ነው። ደረቅ አሸዋ አይተህ አትመን። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በጋውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ግን ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል።

«ጉልበት እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው የማቋርጠው።»

የቆመውን ለካህ፤ የሚነሳውንስ? በፍጥነት ስትገባ ፓራውልትህ ውሃውን እየገፋ ከፊትህ ማዕበል ያቆማል፤ ያ ማዕበል የሚያርፈው ፊልትሮህ ባለበት ነው። አንተ ቀስ ብትል እንኳ ከወዲያ የሚመጣው ሲኖትራክ ቀስ አይልልህም። በዚያ ላይ የሚሮጥ ውሃ ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ያህሉ አነስተኛ መኪና ከመሬት ያነሳል። ያኔ የምታስበው ለቢየላው ሳይሆን ለልጆችህ ነው።

«ውሃ ሲመጣ የሚከፈት ቫልቭ አለው ብለውኛል።»

አለ። ኤኢኤም የተባለው የአሜሪካ አምራች ለረጃጅም የአየር ቱቦዎች ሠርቶታል፤ ከቱቦው ከፍ ብሎ ይገጠምና የታችኛው አፍ በውሃ ሲዘጋ ከላይ አየር ያስገባል። ውሃው ቫልቩ ጋ እስኪደርስ ይረዳል፤ ቱርቦ ላለው ሞተር ግን አይሆንም። ፊልትሮውን የሚያለብሱት ጨርቅም ርጭት ይመልሳል እንጂ ከጠለቀ አያድንም። ደግሞስ ቱቦውን የሚሸጠው ራሱ መድኃኒቱን ከሠራ በሽታው አለ ማለት ነው። ያንተ ላይ ቫልቭ አለ? የለም! ስለሌለህ ነገር አትከራከረኝ።

«ውሃ ውስጥ ከጠፋብኝ ደግሜ አስነሳዋለሁ።»

እዚህ ላይ እጅህን ልያዝ፤ ይህን ከሁሉ በላይ ስማኝ። ብዙ ሞተር የሚያልቀው በጎርፉ ሳይሆን ከጎርፉ በኋላ በቁልፉ ነው። ውሃው ጠልቆ ሞተሩ በዝግታ ከጠፋ ቢየላው ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖውን ስትመታው ግን ውሃ የሞላውን ሲሊንደር በግድ ታስጨምቀዋለህ። ስለዚህ ቁልፉን አውጣ። ውሃው የሚሮጥ ከሆነ መኪናውን ትተህ ሰው አውጣ። የቆመ ከሆነ ሰው ጠርተህ አስገፋው። ደረቅ ቦታ ስትደርስ ፊልትሮውን ንቀለውና ጣትህን ቱቦው ውስጥ አስገባ፤ ከረጠበ ወደ መካኒክ በጉተታ ነው የምትሄደው። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈትቶ፣ የናፍጣ ከሆነ ካንዴሌታውን ወይም ኢንጄክተሩን አውጥቶ፣ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ውሃው በቀዳዳው ይተፋል። የዘይት መለኪያውን ያወጣል፤ ዘይቱ ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየራል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቢየላ ከታጠፈ ግን ሞተር ማውረድ ነው። ጥቂት የታጠፈው ደግሞ ተነስቶ ይሄድልሃል፤ ሲያንኳኳ ይከርምና ባላሰብከው ቀን ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ይወጣል።

«ኢንሹራንስ አለኝ።»

የምኑ? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የተባለው የሦስተኛ ወገን ነው፤ እሱ አንተ የጎዳኸውን ሰው ይክሳል እንጂ ያንተን ሞተር አያወርድም አያወጣም። ሙሉ ሽፋን ካለህ ውሉን አውጥተህ አንብብ፤ ስለ ጎርፍ ምን ይላል? ሳታሳውቅ ስለቀየርከው ዕቃስ? ይህን መጠየቅ ያለብህ ደረቅ መሬት ላይ ቆመህ ነው።

«ቢበላሽ ሌላ እገዛለሁ።»

ከየት? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪክ እገዛለሁ ካልክ ጥሩ፤ የአየር ቱቦ የለውምና የኔና ያንተ ክርክር ያበቃል። እስከዚያው ግን ያለህ ይህ ነው። ሞተርህም የት እንደዋለ አስብ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ በጦርነቱ ሰበብ በዚህ ከተማ ባንክ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ መለዋወጫ አልገባ ብሎ መኪና ሁሉ ደጅ ላይ ቆሟል። ባለቤቶቹ አቧራውን እየጠረጉ፣ ባትሪውን እየነቀሉ ጠብቀው ለዛሬ አደረሷቸው። ያን ሁሉ ያለፈ ሞተር፣ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ሞተር፣ ማንም በማያየው ቱቦ ሰበብ ኩሬ ውስጥ ሲቀር ማየት ያንገበግበኛል። የምጮኸው ለዚህ ነው።

«እሺ፣ ውሃ ሲያጋጥመኝ ምን ላድርግ?»

ቁም። የክረምት ጎርፍ አመጣጡ ቶሎ ነው፣ አካሄዱም ቶሎ ነው፤ ጥቂት ብትጠብቅ መሬቱን ያሳይሃል። የግድ ከሆነና ውሃው የቆመ ከሆነ ከፊትህ የሚያልፈውን እይ፤ ውሃው ከጎማው መሐል ካለፈ ተመለስ። ከገባህም በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታቋርጥ ውጣ። ከሁሉ በፊት ግን የፋብሪካውን ሳጥን መልሰህ ግጠም። ቀዩን ፊልትሮ ከወደድከው ለበጋ አስቀምጠው፤ የበጋውን አቧራ ምን ያህል እንደሚይዝልህም ጠይቅ።

«ደንበኛው ካማረው እኔ ምን ላድርግ?» አለ ይህን ሁሉ ሲሰማ የቆየው መካኒክ።

ከመግጠምህ በፊት ሜትርህን አውጣ። ከመሬት እስከ ፊልትሮው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለክተህ አሳየው፤ «ውሃ እዚህ ከደረሰ ሞተርህ አለቀ» በለው። ሰምቶ ከፈለገ የራሱ ጉዳይ ነው። ሳትነግረው ከገጠምክለት ግን ነሐሴ ላይ በጉተታ ሲያመጣልህ የእጅ ዋጋ እንዳትጠይቀው።