የጓሮ ሹመት፦ በአዲስ ቤት አፈርና ዛፍ ላይ የተደረገ ጥናት

ለዚህ ጥናት ሲባል አዲስ ቤት ማለት ባለቤቱ የገባበት፣ ግንበኛው ግን ገና ያልወጣበት ቤት ነው። ጓሮ የሚባለው ደግሞ ከዋናው ቤት፣ ከሰርቪሱ፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድና ወደፊት ይሠራሉ ከሚባሉት የኪራይ ክፍሎች የተረፈው መሬት ነው። ጥናቱ ከአዘዞ ሜዳ እስከ ደባርቅ ብርድ ያለውን አገር ይሸፍናል። አጥር አልዘለለም፤ በአጥር ላይ ተንጠራርቶ ማየት ግን በዘርፉ የታወቀ ዘዴ ነው።

ስለ አፈሩ የተጻፈው ብዙ ነው። የጎንደር ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ተቀምጧል፤ ዐለቱ እየፈረፈረ በተዳፋቱ ቀይ አፈር፣ በሜዳው ዋልካ፣ በጉብታው ጭንጫ ሆኗል። ይህ ግን ቤት ከመሠራቱ በፊት የነበረ ዕውቀት ነው። የአዲስ ቤት ጓሮ ሲቆፈር ከላይ የሚገኘው ሲሚንቶ የተቦካበት ቅርፊት ነው። ከሥሩ የብሎኬት ስባሪ፣ የተጣመመ ሚስማር፣ የጅብሰም ከረጢት፣ የሃይላንድ ጠርሙስና የአንድ እግር ኮንጎ ጫማ ይወጣል፤ አጥኚው ይህን ንጣፍ ዘመነ ለሳኝ ብሎታል። ቀጥሎ ከመሠረትና ከሽንት ቤት ጉድጓድ የወጣ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ገርጣታ አፈር አለ። ገበሬው ዘመኑን ሙሉ ያረሰው ለም አፈር ከዚህ ሁሉ ሥር ተቀብሯል። ባጭሩ ጓሮው ተገልብጧል። ቆፋሪውን በመጀመሪያው ቀን «የላዩን ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ» ያለው ሰው ቢኖር ይህ ባልሆነ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ባለቤቱ የሚያሰላው የብረት ዋጋ ነው።

ዋልካ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መጋቢት ላይ ስንጥቁ ማንኪያ ይውጣል፣ የበር ቁልፍም አይመልስም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ግንበኛውን ይረግማል፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን ይረግማል፣ ዋልካው ዝም ይላል። ወደ ዛፍ ስንመጣ ችግሩ ውኃ ይዞ አለመልቀቁ ነው፤ አቮካዶ ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከተኛ በስብሶ ይሞታል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት ነው፤ በማግሥቱ ውኃው እንዳለ ካለ፣ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ተደርጎ በተቆለለ አፈር ላይ መትከል ነው። ይህን ምርመራ በከተማው የማያውቅ የለም። ያደረገው አልተገኘም።

ለፍራፍሬ የሚሆን ጉድጓድ በወርዱም በጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ግንቦት ላይ ተቆፍሮ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከዚያ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ችግኙ ይገባል። በተግባር ግን ጉድጓዱ የሚቆፈረው በተከላው ዕለት ጠዋት ሲሆን ጥልቀቱን የሚወስነው ቡናው ነው፤ «ኑ ቡና ደርሷል» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ዲጅኖው ባለበት ይቆማል። በጭንጫ ሰፈር ዲጅኖው ከቡናው ቀድሞ ቆሟል።

በፍጉ ጉዳይ ጥናቱ ከማድ ቤት ጋር ተጋጭቷል። በዳባትና በደባርቅ በኩል እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለአፈሩ የሚተርፈው አመዱ ነው። የተረፈ እበት ቢገኝም ትኩሱ ችግኝ ያቃጥላል፤ ጥቂት ወራት ተከምሮ መብላላት አለበት። እንጀራና አቮካዶ በአንድ እበት ሲካሰሱ ማን እንደሚረታ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ከተዳፋቱ በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ጠፋ ብለው የሚያለቅሱ ምሁራንም አሉ። አልጠፋም። ከፊሉ አንገረብ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ተኝቷል፤ ግድቡ ደግሞ ለከተማው የመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በጓሮው ያጣውን አፈር፣ ፈረቃው ሲደርሰው፣ በቧንቧው በኩል ተስፋ ማድረግ ይችላል።

ወደ ዛፉ እንለፍ። ጎንደር የዙፋን ከተማ ናትና ዛፍ እዚህ ይሾማል እንጂ አይተከልም። ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ አትክልትና የውኃ ገንዳ ነበራቸው። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በስማቸው በሚጠራው መዋኛ ግንብ ላይ የተቀመጡት እነዚያ የዋርካ ዘመዶች ግን የሹመት ደብዳቤ ያላቸው አይመስልም። ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ አውርደው ግንቡን ጨብጠውታል። ባለ አዲስ ቤቱ በየጥምቀቱ እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ግራቪሊያ ይተክላል። ለምን ቢሉት «ትንሽ እኮ ናት» ይላል። ችግኝ ያድጋል የሚለው መላምት በባለቤቶች ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ዕፅዋት ሲመዘግብ ኮሶን በዕፅዋት ሊቁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ ሹመቱ ግን አልጸናም። ኮሶ ብርድ ይችላል፣ ቁመናውም አበባውም ያምራል፤ 2,800 ሜትርን ላለፈችው ደባርቅ እንደ እሱ ያለ አይገኝም። ሆኖም ግቢው ውስጥ ኮሶ የተከለ ሰው ስለ ጥሬ ሥጋ ልማዱ ጎረቤት ሳይጠይቀው አይቀርም። ስለዚህ ጉዳዩ በይደር ላይ ነው።

ማንጎ በተቃራኒው ቆለኛ ነው፤ በጎንደር 2,100 ሜትር ላይ አይደላውም። ነገር ግን ልጆች መጥጠው የጣሉት ፍሬ በዕቃ ማጠቢያው ውኃ መውረጃ ሥር ሲበቅል «ራሱ መጣ፣ ምን ይደረግ» ይባልና ይቀመጣል። ቅጠል ይሰጣል። ከጭማቂ ቤት በመጣ ፍሬ የበቀለ አቮካዶም ዓመታት ያስጠብቃል፤ ሲያፈራም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው ችግኝ ሦስት አራት ዓመት ነው የሚፈልገው፤ ባለቤቱ ዋጋውን ሰምቶ ወደ ጭማቂ ቤቱ ይመለሳል።

ያለ ክርክር የሚሾመው ጌሾ ብቻ ነው። አማትየው ይዘውት ይመጣሉ፤ ቦታውንም ራሳቸው ያመለክታሉ። ጥላ የለው፣ አበባው አይታይ፤ ግን ያለ እሱ ጠላ የለም፣ ያለ ጠላም ድግስ የለም። አፈሩ ካልተስማማው አማትየው አፈሩን ይቆጡታል፣ አፈሩም ይስማማል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ ከተባለ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይዞ ወደ ቤት የሚገባው ሰው በዝቷል። ጥናቱ በቁፋሮ ያገኘው አንድ አሳዛኝ ነገር ቢኖር ከነጥቁር ላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ነው። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ሲዞር ሲዞር ራሱን ያንቃል። ባለቤቱ «አፈሩ እምቢ አለው» ብሎ ይመዘግባል።

እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ የምትገመግመው ግን ሌላ ባለሥልጣን ናት። ከጥቅምት በኋላ ሣሩ ሲደርቅ የጎረቤት ፍየል ትገባለች። ዋንዛውን እስከ ግንዱ፣ ወይራውን ከጫፉ፣ ጽጌረዳውን ለማጣፈጫ ትበላለች። ጌሾው ዘንድ አማትየው በዱላ ተቀምጠዋል። ሰንሰሉን አሽትታ ትተወዋለች፤ ቅንጭቡን አትጠጋውም፤ ከባሕር ዛፉ ፊቷን ታዞራለች። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ደጋውን ሁሉ የያዘበትን ምክንያት ሊቃውንት ሲዘረዝሩ ፈጥኖ ማደጉን፣ ተቆርጦ ማቆጥቆጡን፣ ለማገዶና ለአጣና መሆኑን ይጠቅሳሉ፤ ፍየሏን ከዝርዝሩ ማስቀረታቸው ትልቅ ግድፈት ነው። ውኃ መምጠጡን፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አለማስበቀሉን ባለቤቱም ያውቃል። በመጪው ሐምሌ የባሕር ዛፍ ችግኝ ታቅፎ ሲመጣ ፍየሏ በሩ ላይ ቆማ ታሳልፈዋለች።