የሁለት ሻንጣ ልብስ ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤

«ልጁ በሰው አገር ታርዞ እንዳይቀር ሁለት ሻንጣ ልብስ እያሰባሰብኩ ነው» ያሉትን መልእክት በታላቅ ምስጋናና በመጠነኛ ድንጋጤ ተቀብዬዋለሁ። ሁለት ሻንጣ በአየር መንገዱ ሚዛን 46 ኪሎ ነው። ልጁ ደግሞ ከነጫማው 18 ኪሎ ነው። ልብሱ ለባሹን ከእጥፍ በላይ ሲመዝን ማን ማንን እንደሚሸከም ግራ ያጋባልና፣ የሻንጣው ዚፕ ሳይዘጋ ሙግቴን ያድምጡልኝ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ አንድ ልጅ ስንት ልብስ እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ልጁ አይደለም፣ የአባቱ ኪስም አይደለም፣ እጥበቱ ነው። ከአንዱ እጥበት እስከሚቀጥለው ስንት ቀን አለ? ለዚያ ቀን ያህል ቅያሪ ይቆጠርና ለክፉ ቀን አንድ ሁለት ይጨመርበታል፤ በቃ። የአዲስ አበባ እናት በጋውን ጠዋት ያጠበችውን ከሰዓት በኋላ ከገመድ ላይ ታወርዳለች። ስለዚህ ልጇን በሦስት ቅያሪ ብታሳድግ ፀሐይዋን በወጉ ተጠቀመችባት እንጂ ማንም ድሃ ሊላት አይገባም። ሐምሌ ሲገባ ግን ሹራቡ ሦስት ቀን ተሰቅሎም እርጥብ እርጥብ ይላል፤ ልጁ ያው፣ ቤቱ ያው፣ ልብሱ ግን እጥፍ መሆን አለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርማ የልጁን ካልሲ ብዛት የሚቆርጠው የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ነው። እዚህ ደግሞ ማጠቢያ ማሽኑ ያለው ከሕንፃው ምድር ቤት ነው፤ ማጠቢያውም ማድረቂያውም ሳይከፈላቸው አይንቀሳቀሱም፤ ውሎው በሥራ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያጥበው በሳምንት አንዴ ነው። በዚህ ስሌት 5 ዓመት ለሆነው ልጅ 8 ካናቴራ፣ 4 ሱሪ (ሱሪ ሁለት ቀን ቢለበስ የሚከስ የለም)፣ 2 ሹራብ፣ 3 የሌሊት ልብስ፣ 10 የውስጥ ሱሪ፣ 10 ጥንድ ካልሲና አንድ የብርድ ካፖርት ይበቃዋል። ትምህርት ቤት የሚቀመጥ አንድ ሙሉ መለዋወጫም ይጨምሩ፤ አስተማሪዎቹ ሳይጠይቁት አይቀሩም። ይህ ሁሉ ተጣጥፎ አንድ ሻንጣ አይሞላም።

«ልጅ እኮ ያድጋል፤ ስለዚህ ይብዛለት» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ማደጉን ለራሴ ምስክር አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዓመት ሲሞላው 75 ይደርሳል። አውሮፓ ውስጥ የልጅ ልብስ ልኩ የሚነገረው በቁመት ነው፤ 50፣ 56፣ 62፣ 68፣ 74 እያለ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ ይወጣል። በአንድ ዓመት አምስት ልክ አለቀ ማለት ነው፤ ለአንዱ ልክ የሚደርሰው ሁለት ወር ከምናምን ነው። በዚያች ጊዜ ሃያ ልብስ ቢገዛለት ገሚሱ ዋጋው እንደተንጠለጠለበት ይቀራል። ፊንላንዶች ነገሩን ቀደም ብለው አስልተውታል (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ መንግሥታቸው ከ1938 ጀምሮ ለችግረኛ እናቶች፣ ከ1949 ወዲህ ለሁሉም፣ የሕፃን ልብስ የሞላበት ሣጥን ያድላል። ልብሱ ሲወጣ ሣጥኑ የሕፃኑ አልጋ ይሆናል። ብርድ በማያጣት አገር መንግሥት ያህል ነገር ለአራስ ያስፈልጋል ያለውን ሁሉ አንድ ሕፃን በሚያስተኛ ሣጥን ከከተተ፣ የእርስዎ ሁለት ሻንጣ ለመንታ እንኳ ይበዛል።

ከ4 ዓመት በኋላ ዕድገቱ ረጋ ይልና በዓመት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በዓመት አንድ ልክ ይሆናል። የእናቶቻችን ጥበብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርጎ መግዛት፣ የሱሪውን እግር ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መፍታት። በ2017 ለንደን ውስጥ ሪያን ያሲን የተባለ የአውሮፕላን ምሕንድስና የተማረ ወጣት፣ ከልጁ ጋር እየተዘረጋ ሰባት ልክ የሚሸፍን ሽብሽብ ልብስ ፈልስፎ ተሸለመበት። ሐሳቡ የመጣለት ዴንማርክ ላለ ሕፃን ዘመዱ የላከው ልብስ ገና ሲደርስ ጠቦት ስለተገኘ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ይህን ሽልማት ሳያገኙ አረጁ እንጂ። ብቻ አሜሪካ ይህን ጥበብ በሕግ ያጠበበችበት አንድ ቦታ አለ፤ ከ9 ወር በላይ ለሆነ ልጅ የሚሸጥ የሌሊት ልብስ ወይ እሳት የሚቋቋም መሆን አለበት፣ ወይ ገላ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት፤ ሰፊ ልብስ በቶሎ በእሳት ይያያዛል ነው ነገሩ። ስለዚህ በፎቶ አይተው «ፒጃማው ጠቦት የለም ወይ?» ያሉት ልክ ነዎት፤ ሲገዛም ጠባብ ነበር።

ስለ ብርዱ ብዙ አልቆይም። በረዶ ይጥላል፤ እውነት ነው። ግን ልጅ ሁለት ካፖርት ደርቦ አይለብስም፤ ካናቴራ፣ ሹራብና አንድ ደህና ካፖርት ተደራርበው ይበቁታል። እንዲያውም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጅ በመኪና ወንበር ላይ ሲታሰር ወፍራም ካፖርቱ ይውለቅ ይላል፤ ቀበቶው ካፖርቱን አጥብቆ ልጁን ግን ላላ አድርጎ ያስረዋልና። ስለዚህ መኪና ባለበት ቤት የክረምቱ ካፖርት ሥራው ከበሩ እስከ መኪናው ነው።

ዋናው ጭንቀትዎ ግን ብርዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ምን ይላል ነው። «አሜሪካ ያለ ልጅ በሦስት ፎቶ ላይ ያንኑ ሹራብ ለብሶ ታየ» ከተባለ ነገሩ ከጎረቤት አልፎ እድር ላይ ይነሳል። እዚህ ላይ ግማሹን እሺ እላለሁ። የዓመት በዓል ልብስ ከእጥበት ስሌት ውጭ ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያሉ አባቶች ያሰሉት ሌላ ሒሳብ ነው፤ ከነሱ ጋር አልሟገትም። ልጅ በዓልን በገላው ላይ ሊያውቀው ይገባል። ለዚያ ግን አንድ የሀበሻ ልብስ ይበቃል፤ ለእንቁጣጣሽም፣ ለገናም፣ ለፋሲካም። የቀረውን ዓመት በተመለከተ ግን የራስዎን ከተማ ልጥራብዎ፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ሲያድል፣ ያንኑ ሹራብ ዓመቱን ሙሉ ለበሱ ብሎ ያማቸው የለም። ሁሉም ያንኑ ከለበሰ ሐሜቱ ምን ይዞ ይነሳል? እንግሊዞችም በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰኔ 1941 ጀምሮ፣ ልብስ በኩፖን ሲሸጥ ለአዋቂ 66 ኩፖን በዓመት ተመድቦ ነበር፤ ለልጆች ያድጋሉ ተብሎ 10 ተጨመረላቸው። ያች አሥር ደስ ትለኛለች። መንግሥት ለዕድገት የሰጠው ዋጋ ነው፤ ለጎረቤት ዓይን የተመደበ ኩፖን ግን አልነበረም።

«ቢተርፍም መልሳችሁ ለዘመድ ትልካላችሁ፤ ምን ይጎዳል?» የሚል እንዳለ ይሰማኛል። ይህን ጉዞ በካርታ ላይ ይከተሉልኝ። ከመርካቶ የገዙት ሹራብ አብዛኛውን ጊዜ የተሰፋው ቻይና ወይም ቱርክ ነው፤ ሜሪላንድ ድረስ ሊልኩት ነው። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እየሰፋ ወደዚህ ይልክ ነበር፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ አጎዋ የሚባለው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል ሲቀር ነገሩ ተዳከመ። የሐዋሳ ልጅ የሰፋችው ካናቴራ እዚህ ተገዝቶ፣ ሁለቴ ተለብሶ፣ በዘመድ ሻንጣ ተመልሶ እሷ ሰፈር ቢገባ ማን ተጠቀመ? አየር መንገዱ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ሆኖም ሳልባጁ ገበያውን እንደሞላ እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ እኛ በሻንጣ የምናደርገውም የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። ሳይላክ የሚቀረው ደግሞ ይጣላል፤ በዚህ በአሜሪካ በ2018 ብቻ ከ11 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ጨርቃ ጨርቅ ቆሻሻ መድፊያ ገብቷል።

የዚህን አገር ሰዎች ከእኛ የተሻሉ አድርጌ ማቅረቤ እንዳይመስልዎ። ሜሪላንድ በነሐሴ ውስጥ አንድ ሳምንት ከ100 ዶላር የማይበልጥ ልብስና ጫማ ላይ የ6 በመቶ ግብሯን ትተዋለች፤ 6 ዶላር ለማትረፍ 100 ዶላር የሚያጠፋው ሕዝብ መደብሮቹን ያጨናንቃል። የእኛም ሰዎች ከሰልፉ መሐል አይጠፉም፤ ልጁ ስንት ሱሪ እንዳለው ቤት ቆጥሮ የመጣ ግን የለም።

እንግዲህ ፍርዱ የእርስዎ ነው። የኔ ልመና ለልጁ አንድ የሀበሻ ልብስ ነው፤ እጅጌውና ታቹ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ፣ ክሩም በቀላሉ የሚፈታ ይሁን። በጫማ ግን ሙግቴ ይገለበጣል። ሰፊ ሱሪ ይታጠፋል፤ ሰፊ ጫማ ልጅ ይጥላል። «ለከርሞ ይሆነዋል» የሚባል ጫማ የለም፤ በልኩ አንድ መግዛት፣ ሲጠብ መለወጥ ነው። ካልላክሁ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ እግሩን ወረቀት ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ እልክልዎታለሁ። ወረቀቱ በደረሰዎ ሳምንት መርካቶ ይውጡ፤ ከወር በኋላ ከወጡ ግን ሌላ ወረቀት ይጠይቁኝ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ