ሶፋው የት ይገባል?

ሐረር ላይ ስለ ርካሽ ቤት ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚወረወሩ አባባሎች አሉ። ዛሬ መልስ ልስጥ።

«የድንጋይና የጭቃ ቤት ኋላ ቀር ነው።»

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ግንቡን ብቻ አይደለም የመዘገበው፤ ቤቱንም ጭምር ነው። ኋላ የቀረው አጠገቡ ያለውን ትቶ ንድፍ ከሩቅ የሚያስመጣው ነው።

«ሰው በዝቷል፣ መሬት ጠቧል፤ ወደ ላይ መውጣት እንጂ ሌላ ምን አለ?»

ወደ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ጁገል ግቡ! አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሳጠሩት ግንብ ውስጥ፣ በ48 ሄክታር ላይ፣ ሙሉ ከተማ ይኖራል። ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፤ መንገዱ ለእግረኛና ለአህያ በሚበቃ ልክ ጠቧል፤ ብዙ ቤት በአንድ የግቢ በር ይወጣል። አንድ ግድግዳ ሁለት ቤት ሲይዝ ሂሳቡም ለሁለት ይካፈላል። ግድግዳህ ለብቻህ ይሁን ካልክ ወጪውም ለብቻህ ነው።

«እሺ፣ ሶፋው የት ይገባል?»

ቤቱ ራሱ መቀመጫ ሆኖ ተሠርቶ ሶፋ ምን ያደርግልሃል! በሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር በሚባለው፣ ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተገንብተዋል። ምንጣፍ ይነጠፍባቸዋል፤ ሽማግሌው የራሱ ቦታ አለው፣ እንግዳውም የራሱ። ቁም ሣጥኑም ግድግዳው ውስጥ ነው፤ በውፍረቱ ውስጥ መደርደሪያ ተበጅቷል። ርካሽ ቤት ማለት ለመሥራት ብቻ የረከሰ አይደለም። ቁልፍ ተረክቦ ለዕቃ ሌላ ዕዳ የገባ ሰው ቤቱ ምኑ ረከሰለት?

«ኮንዶሚኒየሙስ ለደሃ አልታሰበም?»

ታስቦ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎበታል፤ ተስፋውም ትክክል ነበር። ግን የሃያ በመቶውን ቅድሚያ ክፍያ ማጠራቀም ያቃተው፣ ወይም የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ የከበደው ባለ ዕጣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ የሰው ቤት ተከራየ። እንጀራ ለመጋገሪያና በግ ለማረጃ የጋራ ቤት መታሰቡን አደንቃለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ጉልበት ግን ማንም አልለካውም። ጁገል ውስጥ ማድ ቤቱ እዚያው ግቢ ነው።

«ጁገልማ ቅርስ ነው፤ አይነካም።»

አትንካ ያለ እጅ ለአናጢና ለግንበኛ ይዘርጋ! የጣራው እንጨት የበሰበሰበት አባወራ በድሮው ድንጋይና እንጨት ጠግን ይባላል፤ የሚከፍለው ግን የለውም። ሲቸግረው ሲሚንቶ ይለስንበታል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት የሆነው ቤትማ የባሰ ነው። ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ይላል፣ አከራዩ «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም» ይላል፤ ዝናቡ ሁለቱንም አይሰማም። ጁገል ውስጥ አንድ ቤት ማዳን ከግንቡ ውጭ አንድ ቤት መሥራት ነውና፣ የጥገና ብድር በቤት ግንባታ በጀት ውስጥ ይግባ።

«ታዲያ ከግንቡ ውጭ ሌላ ጁገል እንሥራ ነው የምትለው?»

አይደለም። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አቅራቢያ ለጉርና ሰዎች በጭቃ ጡብ ያማረ መንደር ሠራላቸው፤ አብዛኞቹ አንገባም አሉ፣ ኑሯቸው ከነበሩበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነበርና። መልኩን ቅዱ አልልም። የጋራው ግድግዳ፣ የጋራው ግቢ፣ አብሮ የሚገነባው መደብና ከመሬት የማይርቀው በር ይወሰዱ። ድንጋይ መጥረብ የሚያውቁትም እጃቸው ሳይዝል ወጣት ያሠልጥኑ።

«ማን ይንደፈው?»

ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት፣ ማድ ቤቱ የት ይሁን ብሎ የሚጋግሩትን እናቶች የጠየቀ መሐንዲስ።