«ንካው» ያለው ማን ነበር?

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቢሮዎቹ አንድ ከተማ ላይ አልተከመሩም። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ወልቂጤ፣ ሀላባ ቁሊቶ ድርሻ ድርሻቸውን ያዙ። ፍትሐዊ ነው፤ ጎማው ግን ተቀይሟል። እንግዲህ ቢሮ ከቢሮ ለመሰብሰብ መኪና ያስነሳል፤ መኪና ሲነሳ አለቃና ሹፌር አንድ ጋቢና ውስጥ ይገናኛሉ። የዚህ አገር ሹፌር ደግሞ መኪናው ሰርቪስ ባይገባም ምላሱ የተሞረደ ነው።

አለቃ፦ «ነገ 3 ሰዓት አዲስ አበባ ስብሰባ አለ፤ 12 ሰዓት እንነሳ።»
ሹፌር፦ «ስብሰባውን የጠራው ሰውዬ ወራቤና ቡታጅራ መሀል መንገድ ላይ እንዳሉ አልሰማም?»

ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ በ3 ሰዓት! ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ የገበያ ቀን ከብቱን ሁሉ ጨምሮ በአማካይ 77 መንዳት ነው።

አለቃ፦ «ምን ሆነሃል? ንካው እንጂ!»
ሹፌር፦ «መኪናችን ጀርባ ላይ ‹ፍጥነት ይገድላል› ብለን ለጥፈን?»
አለቃ፦ «እሱ ከኋላ ለሚመጡት ነው።»
ሹፌር፦ «ገባኝ፤ ቀድመን ሞተን እናሳያቸው ነዋ!»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 5 በመቶ ቢቀንስ ሞት የሚያስከትል አደጋ በ30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። 5 በመቶ ማለት በ3 ሰዓት መንገድ ላይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ስብሰባው ራሱ መቼ በሰዓቱ ተጀምሮ ያውቃል?

ሹፌር፦ «አለቃ፣ ቀበቶዎን።»
አለቃ፦ «ትራፊክ ስናይ አስራለሁ።»
ሹፌር፦ «ትራፊኩስ ፊሽካ ይነፋልዎታል፤ ግጭቱ ምን ይንፋልዎት?»

አለቃ፦ «ስደውልልህ ለምን አታነሳም? የት እንደደረስክ ልጠይቅህ ነበር።»
ሹፌር፦ «እየነዳሁ ባነሳው ኖሮ የት እንደደረስኩ ሌላ ሰው ደውሎ ይነግርዎት ነበር።»

ሹፌር፦ «የፊቱ ጎማ አልቋል ብዬ ከጻፍኩ ቆየሁ።»
አለቃ፦ «ጎማው ፕሮፎርማ ላይ ነው።»
ሹፌር፦ «እኔ ደግሞ ጎማው ላይ ነኝ።»

አለቃ፦ «የአዳር አበል የለም፤ ስብሰባው እንዳለቀ ሌሊቱን እንመለስ።»
ሹፌር፦ «የአንድ ቀን አበል አትርፈን የሦስት ቀን ድንኳን ልንተክል?»

በመጨረሻ አንድ ቀን መኪናው ቦይ ውስጥ ይገባል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ሻዩን ጠጥቶ፣ አበሉን ወስዶ «የአሽከርካሪ ጥፋት» ብሎ ይፈርማል። ከ2003ቱ የትራፊክ ደንብ ወዲህ ጥፋት በሹፌሩ ሪከርድ ላይ ይመዘገባል፤ «ንካው» ያለው ሰው ግን ሪከርድ የለውም። አበሉን የከለከለው የለውም። ጎማውን ፕሮፎርማ ላይ ያስተኛውም የለውም። መኪናው ቦይ የገባው መንገድ ላይ ነው፤ ጉዞው ወደ ቦይ የጀመረው ግን ስምሪት ክፍል ነው።

የስምሪት ወረቀቱን እዩት። መነሻ ይጠይቃል፣ መድረሻ ይጠይቃል፣ ኪሎ ሜትርና ሊትር ይጠይቃል። ሊትሩ ሲጎድል ሰው ይከሰሳል። የሹፌሩ እንቅልፍ ሲጎድል ግን የሚጠይቅ መስመር የለም። እስቲ ሦስት መስመር ይጨመርበት፦ ሹፌሩ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛ? ፍሬንና ጎማውን ዛሬ ማን አየው? የመነሻ ሰዓቱን ማን ቆረጠ? ሦስተኛው ላይ የሚፈርመው አለቃው ይሁን።

ይህን ሐሳብ ለአንድ አለቃ ባቀርብለት ተቆጣ። «እኔ ምን አገባኝ? መሪው በሹፌሩ እጅ ነው!» አለኝ።

ሹፌሩ ከጎን ሆኖ፦ «ልክ ነዎት አለቃ፣ እጁ የኔ ነው። ነዳጅ መስጫው ላይ ያለውን እግርዎን ያንሱልኝና እንሂድ።»