የማያውቁት ሰው ዝምታ፦ ስለ ከተማ ባቡር ምልልስ የቀረበ ጥናት

የከተማ ባቡር «ቶሎ ቶሎ ይመጣል» ለመባል በየስንት ደቂቃው መምጣት አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እስካሁን ሊመልሱት የሞከሩት ባለሙያዎች ግን ሁሉም ሰዓት ይዘው ነው የቆሙት፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰዓት ባቡሩ መቼ እንደ ደረሰ ይናገር ይሆናል፤ የሚጠብቀው ሰው እስከዚያ ምን ሲሆን እንደ ነበር ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

በሙያው ዘንድ የተለመደው ወሰን 10 ደቂቃ ነው። ባቡሩ በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ከመጣ ተሳፋሪው የጊዜ ሰሌዳ ማየቱን ይተዋል፤ ደስ ባለው ሰዓት ከቤቱ ይወጣል ይባላል። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ትዕግሥቱ ሰፋ ይላል፤ በየ15 ደቂቃው የሚመጣውም ከተደጋጋሚዎቹ ይቆጠራል። መለኪያው ጥሩ መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር ግን ያልታሰበ ውጤት ይሰጣል። በቀላል ባቡራችን ለመሄድ ብሎ የጊዜ ሰሌዳ አይቶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። በመስፈርቱ መሠረት እንግዲህ ከተማችን ከቶኪዮና ከፓሪስ ተርታ ተሰልፋለች ማለት ነው። ይህን ውጤት ተቀብሎ ማጨብጨብ ይቻል ነበር፤ የጥናት ሥነ ምግባር ከለከለን።

«በአማካይ» የሚባለውም መለኪያ ቢሆን ብዙ አያስኬድም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ባቡር ከመጣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «በአማካይ በየ10 ደቂቃው» ተብሎ ነው። ሁለቱ ባቡሮች ግን በ2 ደቂቃ ልዩነት ተከታትለው መጥተው ከዚያ 18 ደቂቃ ጭር ሊል ይችላል። ባቡሮች እንዲህ መከታተል ይወዳሉ፤ ምክንያቱም የዘገየው ባቡር በየፌርማታው ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው በሩ ቶሎ አይዘጋለትም፣ ይበልጥ ይዘገያል፤ ኋለኛው ደግሞ ባዶ ፌርማታ እያለፈ ይደርስበታል። እንደ ነገሩ ብቅ ካሉት ተሳፋሪዎች ከአሥሩ ዘጠኙ በ18ቱ ደቂቃ ውስጥ ይወድቃሉ። የሁሉም ተሳፋሪ አማካይ ጥበቃ፣ ባቡሮቹ እኩል ተራርቀው ቢመጡ 5 ደቂቃ ይሆን የነበረው፣ 8 ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ሪፖርቱ አልዋሸም። አሥረኛውን ሰው ብቻ ነው የጠየቀው።

ሰዓትም አማካይም ካልሆኑ ምን ይሁን? ይህ ጥናት የሚያቀርበው መለኪያ የሚከተለው ነው፦ ባቡር ቶሎ ቶሎ ይመጣል የሚባለው የማይተዋወቁ ሁለት ተሳፋሪዎች ሳይተዋወቁ የሚሳፈሩ ከሆነ ነው።

ማስረጃው ከለንደን ይጀምራል። በቪክቶሪያ መስመር ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በሰዓት 36 ባቡር፣ ማለትም በየ100 ሰከንዱ አንድ ይመጣል። የለንደን ሰው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር እንደማይነጋገር ዓለም ያውቃል። አንዳንዶች ይህን ከብርዱ፣ አንዳንዶች ከአስተዳደጉ ያያይዙታል። በ100 ሰከንድ ውስጥ ግን ማን ምን ሊያወራ ይችላል? የእኛን ሰላምታ እንኳ ብንወስድ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ከረምክበት ሁኔታ ተጠያይቆ ለመጨረስ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ሞስኮም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን እዚያ የተማሩ ወገኖቻችን ስለ ሜትሮው ጌጥና ስለ ወለሉ እብነ በረድ ሲያወሩ ሰምተን አንጠግብም፤ ፌርማታ ላይ የተዋወቁትን ሩሲያዊ ግን ሲያነሡ አይሰማም። በጥድፊያ ሰዓት ባቡሩ በየ90 ሰከንዱ ነበር የሚመጣው። በዋሻው አፍ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚቆጥረው የሚመጣው ባቡር ስንት እንደ ቀረው ሳይሆን ያለፈው ከሄደ ስንት ሰከንድ እንደ ሆነ ነበር። በዚህም ሰዓቱ በጨዋታ መክፈቻነቱ የታወቀውን ጥያቄ ከሰው አፍ ነጥቆታል።

ያ ጥያቄ «ከሄደ ቆየ እንዴ?» የሚለው ነው። አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ።

ተሳፋሪ ሀ እና ተሳፋሪ ለ መገናኛ ቆመዋል እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ፤ እርስ በርስ የሉም። አራተኛው ደቂቃ ገደማ ሀ ፊቱን ወደ ሐዲዱ እንዳደረገ «ከሄደ ቆየ እንዴ?» ይላል። ለ ከሀ በፊት የመጣው በግማሽ ደቂቃ ቢሆንም «አሁን ይመጣል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ መነሻ የለውም፤ በር ግን ከፈተ። ወደ ሰባተኛው ደቂቃ የአየሩ ነገር ይነሣል፤ «ዘንድሮ ደግሞ ፀሐዩ!» ይባላል፣ ክረምት ከሆነም ዝናቡ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ጤፍ ይገባል፤ ከጤፍ በኋላ ዘይት፣ ከዘይት በኋላ የቤት ኪራይ፤ ከዚህ ርዕስ በሰላም የወጣ ተሳፋሪ እስካሁን አልታየም። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «እርስዎ ወዴት አካባቢ ነዎት?» ይመጣል። «ሲኤምሲ? እዚያ እኮ የእህቴ ልጅ አለች።» ከሃያ ደቂቃ በላይ የእህቲቱ ልጅ ባል የሀ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምልልስ ሳይሆን ማኅበር ነው፤ ጥናቱም ከአቅሙ በላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ያቆማል።

ውጤቱን የሚያዛባ አንድ ነገር አለ፤ ታክሲው። ከመንገዱ ዳር የሚኒባስ ረዳት «ሜክሲኮ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ ሰው ሲገባለትም የቀረው አንድ ሰው ነው። በዚህ ስሌት ታክሲው ዘወትር ሊነሣ አንድ ሰው ብቻ የቀረው፣ ስለዚህም በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ተሽከርካሪ ነው። ባቡሩ ረዳት የለውም፤ ባለመኖሩም ተስፋ የሚሰጥለት ሰው አጥቷል። ሀ ወደ ታክሲው ከሮጠ ለ ብቻውን ይቀራል፣ ትውውቁም ሳይመዘገብ ይቋረጣል።

ባቡሩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሁሉ ትውውቅ ያቀደው አይመስልም። የባቡሩ አገልግሎት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀመር 41 ባቡር ነበረው፤ ዋጋውም እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲም ወደ 17 የሚጠጋ ነው። አንድ ባቡር ደርሶ ለመመለስ፣ ጫፍ ላይ የሚቆመውን ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ብለን ብንይዝ፣ በየ6 ደቂቃው ለማሰማራት ለአንዱ መስመር 20 ባቡር ያስፈልጋል። ለሁለቱ 40። አንድ ይተርፋል። ሒሳቡ እንዲህ ያማረ ስለሆነ አንድም ባቡር እንዳይበላሽ ይጠይቃል። ባቡሮቹ ይህን ሳይሰሙ ቀሩ፤ የመለዋወጫ እጥረት ተጨመረና ብዙዎቹ ቆሙ። አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ይበዛልና የከተማው ሕዝብ የበለጠ ተዋወቀ።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው መንገድ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚሄዱት እዚያ ነው። ለገሀር የቆመ ሰው ባቡር የሚያየው አያት ከቆመው ሰው እጥፍ ጊዜ ነው። ይህ ግን ከስታዲየም ልደታ ለሚሄድ ብቻ የሚጠቅም ሀብት ነው። ቃሊቲ የሚሄደው ሰው የአያቱ ባቡር መጥቶ ሲያልፍ ያያል፤ ባቡሩን መሥሪያ ቤቱ ይቆጥረዋል፣ እሱ አይቆጥረውም። የዚህ ተሳፋሪ ችግር ሌላም ነው፤ የጀመረው ጨዋታ ከፊት ለፊቱ ተነጥሎ ወደ አያት ይሄድበታል።

መለኪያው ውጭ አገርም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ከዋሽንግተን ሜትሮ አንድ ባቡር ሐዲድ ከሳተ በኋላ 748 ፉርጎዎች፣ ከጠቅላላው ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት፣ ከሥራ ወጡ። አንዳንዱ መስመር በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ሆነ። በዋሽንግተን ዳርቻ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐበሻ በቀዩ መስመር ስለሆነ በየ15 ደቂቃው ነበር የደረሰው፤ በመስፈርታችን «እርስዎ ወዴት አካባቢ ነዎት?» የሚጠየቅበት ልዩነት ነው። እዚያ መልሱ ሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ «ከአገር ቤት ከየት ነዎት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህም ሲጀመር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይበቃውም።

ኢየሩሳሌም ግን ጥናቱን ፈተነችው። የከተማዋ ቀላል ባቡር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ቅዳሜ ማታ ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቀን ይበልጣል። በስሌታችን መሠረት በዚህ ጊዜ ፌርማታው ላይ ሠርግ ሊደገስ ይገባ ነበር። ዝር የሚል ሰው የለም። ሰንበት መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ የሚጠብቅ የለም፣ የሚጠብቅ ከሌለም «ከሄደ ቆየ እንዴ?» የሚል የለም። መለኪያው በዚህ አልፈረሰም፤ ሰው የሚተዋወቀው ባቡር በመዘግየቱ ሳይሆን ሊመጣ ይችላል ተብሎ በመታመኑ እንደ ሆነ ብቻ አሳይቷል።

የቀረው የፖሊሲው ጉዳይ ነው። ብዙዎች ችግሩ ረጅሙ ጥበቃ ይመስላቸዋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ሰዎቹ ዘመድ ናቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ይጫወታሉ። ከአራት ደቂቃ በታችም ማንም ማንንም አያውቅም፤ ሰላም ነው። አደገኛው ከ7 እስከ 9 ደቂቃ ያለው ነው። ሰላምታ ተሰጥቷል፣ ፀሐዩ ተነሥቷል፣ ጤፍ አልተደረሰም፤ ባቡሩም ከች ይላል። ሁለቱ አብረው ይግቡ? ጎን ለጎን ይቁሙ? ጨዋታው ይቀጥል ወይስ ስልክ ይውጣ? ታክሲ ቢሆን አንደኛው «እኔ ልክፈል» ብሎ፣ ሌላው «በፍጹም!» ብሎ፣ ነገሩ በክብር ይዘጋ ነበር፤ የባቡር ትኬት ግን ከመሳፈር በፊት የሚቆረጥ ስለሆነ ይህ መውጫ የለም። እስከ አያት ድረስ በሁለት ክንድ ርቀት ዘንግ ጨብጠው፣ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሆኖ መስኮት ያያል። ስለዚህ ባቡሩ በየ3 ደቂቃው ቢመጣ ጥሩ ነው፤ በየ25 ደቂቃውም ቢመጣ የራሱ ጥቅም አለው፤ የ8 ደቂቃው ግን በመመሪያ ቢከለከል።