ለአንድ ሰው መቶ ቶን

የራስዎን መንኮራኩር ሊነድፉ ወስነዋል። እንኳን ደስ ያለዎት። ሰው ከአለቃ፣ ከስልክና ከስብሰባ ለመገላገል ገዳም በሚገባበት ዓለም እርስዎ ባለ አንድ ነጂ መንኮራኩር መርጠዋል። የምትበረው ወረቀት ላይ መሆኗ ክብሯን አይቀንሰውም። እንግዲህ እርሳስዎን ቀርጸው፣ ላጲስዎን አጠገብዎ አኑረው ይህችን ምክር በጥሞና ያንብቡ። ላጲሱ ከእርሳሱ ቀድሞ እንደሚያልቅ ከወዲሁ ይወቁት።

ከሁሉ በፊት ክንፍ አይሳሉ። ሁሉም የሚጀምረው ከክንፍ ነው፤ መድፉ ይከተላል፤ ከዚያ በጎኗ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል። አየር በሌለበት ክንፍ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ እስኪመጣ ድረስ ሥዕሉ ያምራል። እርስዎ ከሒሳቡ ይጀምሩ።

ሒሳብ ለሚወድ ሰው የተሠራ ጨዋታ ደግሞ አለ፤ ትራቨለር ይባላል። ማርክ ሚለር የነደፈው፣ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የነበረው ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው የሚና ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ነገሩ መሳካት አለመሳካቱን ሁለት ዳይስ ይፈርዳል። ሌላው ጨዋታ ለተጫዋቹ ሰይፍና ዘንዶ ሲያቀርብ ትራቨለር የባንክ ዕዳ አቀረበለት። ወደ ዕዳው እንመለሳለን።

የጨዋታው ሕግ ጨካኝ ነው። ከመቶ ቶን ያነሰች መንኮራኩር ከኮከብ ወደ ኮከብ መዝለል አትችልም። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ባለ 10 ቶን ተዋጊ አለች፤ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን ከአንዲት ፀሐይ ግቢ አትወጣም። ወደ ሌላ ኮከብ ለመሻገር በትልቅ መርከብ ሆድ ውስጥ መጫን አለባት፤ በትልቅ መርከብ ላይ ደግሞ አለቃም ስብሰባም አለ። ስለዚህ መቶ ቶን ግድ ነው። ቶን ሲባል ክብደት አይምሰልዎ። አንድ ቶን ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚይዘው ቦታ ማለት ነው፤ 14 ሜትር ኩብ ገደማ። መቶው 1,400 ሜትር ኩብ ሆነ። ይህ ሁሉ ለእኔ ብቻ ብለው ጥቂት ይደሰቱ፤ ጊዜው አጭር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ታርሞ በወጣው እትም ውስጥ ያለችውን የቃኚዎች መንኮራኩር እንደ ምሳሌ እንያት። ሞተሮቿና የኃይል ማመንጫዋ 15 ቶን ይወስዳሉ። መቆጣጠሪያ ክፍሏ 20። ኮምፒውተሯ 1 ቶን፣ ማለትም 14 ሜትር ኩብ፤ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ስልክ አውጥተው ከአጫዋቹ ጋር ለመከራከር አይሞክሩ፤ መጽሐፉ የሱ ነው። ነዳጇ 40 ቶን ነው፤ ግማሹ ሁለት ፓርሴክ፣ ይኸውም ስድስት ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል፣ አንዴ ለመዝለል ያልቃል፤ ግማሹ ኃይል ማመንጫውን አራት ሳምንት ያቆያል። እስካሁን 76 ቶን ሄደ። ከቀረው 24 ላይ አራት መኝታ ክፍሎች 16፣ ተንሳፋፊዋ ጣራ አልባ መኪና 4፣ የመሣሪያ ማማው 1 ይወስዳሉ። ለጭነት 3 ቶን ተረፈ። ክንፍ ሊስሉ የነበረው በየትኛው ቶን ላይ ነበር?

አሁን ወደ ፈተናው ደረስን። ከ200 ቶን በታች የሆነች መንኮራኩር ከአንድ አብራሪ በላይ ሠራተኛ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ ያቺ ባለ መቶ ቶን በሕግ የአንድ ሰው ናት። አንድ ሰው ደግሞ የሚተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። ሦስቱን ክፍሎች አፍርሼ 12 ቶን መድፍ ልጫንበት የሚል ሐሳብ ማታ ማታ ይመጣብዎታል። አይችሉም። ለየመቶ ቶኑ የሚፈቀደው አንድ ማማ ነው፤ ማማው የሚይዘውም ቢበዛ ሦስት መሣሪያ። ሕጉን የጻፈው ሰው እርስዎን የሚያውቅዎት ይመስላል።

እኔን ከጠየቁኝ ክፍሎቹን አይንኳቸው። ባዶ አልጋ ያለው ነጂ ጋ እኩለ ሌሊት ሰው ይመጣል፤ 8,000 ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ ነው) ያስቀምጥና ዛሬ ሌሊት ልውጣ፣ ስሜን አትጠይቀኝ ይላል። አንድ ወንበር ብቻ ያለው ነጂ ጋ ግን ማንም አይመጣም፤ አጫዋቹም ወሬ የሚያስገባበት ቀዳዳ ያጣል። ሌላም ጉዳይ አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ጓደኞችዎ የት ይሂዱ? እርስዎ ብቻዎን ህዋን ሲያስሱ እነሱ ቡና እየጠጡ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ያመዋል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርስበታል፣ አንዱ ስልክ አያነሳም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ለነጂም ይሠራል።

ቀጥሎ፣ ከመድፉ በፊት፣ መጸዳጃ ቤት ይሳሉ። ይህን የምለው በጨዋታ አይደለም። የአሜሪካ ሜርኩሪ በእውን የበረረች የአንድ ሰው መንኮራኩር ናት፤ ለነጂዋ የተረፈው ቦታ 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። ከላይ ካየናቸው ባለ 4 ቶን መኝታ ክፍሎች አንዱ ብቻ እንዲህ ያለውን ቦታ ሠላሳ ጊዜ ይይዛል። አለን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1961 ሲወነጨፍ በረራው 15 ደቂቃ ብቻ ነው ተብሎ ስለ ሽንት ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። ማስወንጨፉ ግን ለሰዓታት ዘገየ። ሰውየው ተጨንቆ ፈቃድ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ እልብሱ ውስጥ ሸና። የመጀመሪያው አሜሪካዊ ህዋ የደረሰው በዚህ ሁኔታ ነው። የእርስዎ ነጂ ደግሞ ጉዞው 15 ደቂቃ አይደለም፤ አንድ ዝላይ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ሳምንት ሬዲዮ የለም፣ በመስኮት የሚታይም የለም። ሶቪየታዊው ቫለሪ ቢኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 ለብቻው አምስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ፤ በአንድ ሰው መንኮራኩር ከዚያ የረዘመ በረራ እስካሁን የለም። ነጂዎ በዘለለ ቁጥር ይህን ክብረ ወሰን ይሰብራል። ቡና ማፍያውን የት እንዳስቀመጡለት ያስቡበት።

ዕውኖቹ መንኮራኩሮች ለተንኮልም ይጠቅማሉ። ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1961 የተሳፈረባት ቮስቶክ መሪዋ ተቆልፎበት ነበር። ክብደት አልባነት ሰውን ያሳብደው እንደሆነ ያወቀ ስላልነበረ፣ መቆለፊያውን የሚከፍተው ቁጥር፣ 125፣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠለት። (ከመነሳቱ በፊት በጆሮው ሹክ ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ ምስጢር መጠበቅ የትም አገር ከባድ ነው።) ነጂዋን የማታምን መንኮራኩር! ይህን ሐሳብ ያለ ኀፍረት ይስረቁ፤ ቁጥሩን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አጫዋቹ ይጨነቅበት። አሜሪካዊው ጎርደን ኩፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ፌዝ 7 የተባለችውን ሜርኩሪ ሲያበር በመጨረሻው ላይ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ተበላሸበትና የእጅ ሰዓቱን እያየ በእጁ መርቶ አወረዳት። ንድፍዎ ጥግ ላይ «መጀመሪያ የሚበላሸው» የሚል ክፍት ቦታ ይተዉ። ሲነድፉ ካልሞሉት አጫዋቹ ይሞላልዎታል፤ እሱ ደግሞ ሩኅሩኅ አይደለም።

ዕዳው ቀረ። ያቺ የቃኚዎች መንኮራኩር ዋጋዋ 29.43 ሚሊዮን ክሬዲት ነው። እንደ ጨዋታው የብድር ደንብ ሃያ በመቶ ቀድመው ይከፍላሉ፤ ከዚያ የዋጋዋን 1/240 በየወሩ፣ ለ480 ወራት። በወር 122,625 ክሬዲት፣ ለአርባ ዓመት። መጨረሻ ላይ ለአንዲት መንኮራኩር የሁለቷን ዋጋ ከፍለው ምርቃት ጨምረዋል። በዚህ ላይ ሰው ላደረበት ክፍል ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ 2,000 ክሬዲት የአየርና የምግብ ወጪ አለ። በዚህ ጨዋታ የህዋ ወንበዴ የሚበዛው ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባዎት አይቀርም።

ከዕዳው የሚያመልጡበት አንድ መንገድ አለ፤ ነጂዎ በቃኚዎች አገልግሎት ውስጥ ሠርቶ ሲሰናበት መንኮራኩሯን በውሰት ሊያገኛት ይችላል። ሊሸጣት አይችልም፤ ቢጠሩት መሄድ አለበት፤ ነዳጅና ጥገና ግን በቃኚዎች ጣቢያ በነፃ ነው። ችግሩ አገልግሎቱ አራት አራት ዓመት እየተባለ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ አራት ዓመት በሁለት ዳይስ 7 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣለት፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ነጂዎ ይሞታል። ብርቱ ካልሆነ በቀር በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከ36 ውስጥ 21 ነው። ሞተ እንበል፤ ንድፉን አይቅደዱ፤ ሌላ ሰው ይፍጠሩና እንደገና ይወርውሩ። በሕይወት ከተሰናበተም የስንብት ስጦታው በአንድ ዳይስ ነው፤ መንኮራኩር የሚሰጠው 6 ብቻ ነው። አምስት ሽጉጥ ነው፤ ሦስት ትምህርት ይጨምራል። ከእርስዎ ቀጥሎ የተቀመጠው፣ ንድፍ የሚባል ነገር አንስቶ የማያውቀው ጓደኛዎ 6 ይወረውራል። ያኔ የተማረውን ነጂዎን ይዘው በትሕትና ወደሱ ይሂዱና ሦስት ትርፍ አልጋ እንዳለው ያስታውሱት። ክፍሎቹን እንዳያፈርስም ይምከሩት።